«ጀሃዳዊ ሐረካት»ን እንደ ምስክርነት መመዘን፦ ከጨፋ ሸለቆ የተነሣ ጥያቄ

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ሲያስተላልፍ ተማሪ ነበርኩ። በማደሪያችን ተሰብስበን አየነው። ሲያልቅ አንድ ወንድም ስለ አገራችን እንጸልይ አለ፤ ጸለይን። ጌታ ቤተ ክርስቲያኑን ከአክራሪዎች እንዲጠብቅ ለመንን። በፊልሙ የታዩት ሰዎች ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እንደ ነበር ከመካከላችን ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም።

ፊልሙን ዳግመኛ እንድመለከተው ያደረገኝ በከሚሴ ያገለገለ አንድ ወንጌላዊ በክፍል ውስጥ የነገረን ነገር ነው። አዘውትሮ ዕቃ የሚገዛቸው አንድ ሙስሊም አባት ከዓመታት በኋላ፣ «እናንተ ስለ እውነት የምትሰብኩ ሰዎች ናችሁ፤ ያኔ ስለ እኛ በቴሌቪዥን የተባለውን አመናችሁት?» ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝ በሚያረሰርሰው በጨፋ ሜዳ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ይኖራሉ፤ በበጋ የአፋር ከብት አርቢ ሣር ፍለጋ ይወርዳል። ከዞኑ ነዋሪ ከመቶ ዘጠናው በላይ ሙስሊም ነው፤ የእኛ ምእመናን በዚያ ጥቂት ናቸው። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሚያገለግል ሰው የእኚህ አባት ጥያቄ የአገልግሎቱ መሠረት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን እንደ ምስክርነት ልመዝነው እፈልጋለሁ፤ ራሱን ያቀረበልን እንደዚያ ነውና። አሠራሩ ቀላል ነው። የቦኮ ሐራምና የአል ሸባብ ምስሎች ይታያሉ፤ ቀጥሎ በእስር ላይ ያሉት የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ይመጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የተመልካቹ ፍርሃት ነው። ከተከሳሾቹ ቢያንስ አምስቱ በእስር ቤት ሳሉ የተቀረጹት ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ሲናገሩ አጠገባቸው ጠበቃ የለም። ፍርድ ቤት ፊልሙ እንዳይተላለፍ የሰጠው እግድም ስርጭቱን አላስቆመውም። ዘዳግም 19 በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ነገር እንዳይጸና ይከለክላል፤ ዳኞችም ምስክሩን ራሱን አጥብቀው እንዲመረምሩ ያዝዛል። ፊስጦስ እንኳ፣ አረማዊ ገዥ ሆኖ ሳለ፣ ተከሳሽ በከሳሾቹ ፊት ቆሞ ሳይመልስ አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ልማድ አለመሆኑን ያውቅ ነበር (ሐሥ. 25፥16)። እኛ ግን በዚያ ማታ ከፊስጦስ አነስን።

ከታየው ይልቅ ያልታየው ይበልጣል። በ2003 ዓ.ም. ክረምት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና በመጅሊሱና በመንግሥት ድጋፍ በየክልሉ የተስፋፋው ሥልጠና መነሻው ሊባኖስ የሆነውን የአል አሕባሽ አስተምህሮ የያዘ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የአወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን ሲሰናበቱ ተቃውሞው ፈነዳ፤ «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ጩኸት ከዚያ ወጣ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በነፃ እንምረጥ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ምርጫው በመስከረም ማብቂያ 2005 በመስጊድ ሳይሆን በቀበሌ ተካሄደ። ጥቅምት 11 ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ባለችው ገርባ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሥቶ ሦስት ሲቪሎችና አንድ ፖሊስ መሞታቸው ተነገረ። ባቲ ከከሚሴ ጋር የአንድ ዞን ከተማ ናት። ለዚያ አካባቢ ሰው ነገሩ ሩቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በአሰንዳቦና በአካባቢው የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተቃጥለዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተፈናቅለዋል። ያን ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ለፍርድ መቅረባቸውም ትክክል ነው። ፊልሙ ጉልበት ያገኘው ከዚህ እውነተኛ ቁስል ነው። ነገር ግን አሰንዳቦ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ ሰው ጥፋት፣ አዲስ አበባ ላይ መሪዬን እኔ ልምረጥ ያለውን ሰው ወንጀለኛ አያደርገውም። ይህን ልዩነት መጠበቅ ከሁሉ አስቀድሞ የእኛ ፋንታ ነበር፤ የተጎዳ ሰው የሚሰጠው እውነተኛ ምስክርነት ከሌላው ይልቅ ይሰማልና።

ሌላው ተቃውሞ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አላቸው የሚለው ነው። አዎ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች በፀረ ሽብር አዋጁ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ይሁን እንጂ ቅጣታቸውን ሳይጨርሱ ደረጃ በደረጃ ተፈቱ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የመጅሊሱን ችግር ለመፍታት በተቋቋመው የዘጠኝ ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ ከእነርሱ ወገን የሆኑ ተቀመጡ። አዋጁም ራሱ በ2012 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ተተካ። ከፊልሙ በኋላ በየስብከቱ «አክራሪ» ያልናቸው ሰዎች ዛሬ የሃይማኖት መሪዎቻችን አብረዋቸው በአንድ መድረክ ይቀመጣሉ። የቀድሞ ቃላችንን ያነሣ ግን አልሰማሁም።

ፊልሙ ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተን ስለ ሴኩላሪዝም ባለን አስተሳሰብ ይመስለኛል። ተከሳሾቹ የተከሰሱት እስላማዊ መንግሥት ለመመሥረት በማሴር ነበር፤ መንግሥትም የሕገ መንግሥቱ ጠባቂ ሆኖ ቀረበ። ይሁን እንጂ አንቀጽ 11 የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል። ትክክለኛው እስልምና ይህ ነው ብሎ ሥልጠና የደገፈ መንግሥት መካከለኛውን ክልከላ በግልጽ ተላልፎ ሳለ፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ሦስተኛው ሆነ። እኛም ሦስተኛውን ይዘን አጨበጨብን።

ማጨብጨባችን የሚገርመኝ ታሪካችንን ሳስብ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ የጴንጤቆስጤ ምእመናን በ1959 ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ተደረገ፤ በ1964 በአዲስ አበባ በርካታ ምእመናን በአንድ ቀን ታሰሩ። ደርግ ቄስ ጉዲና ቱምሳን በሐምሌ 1971 ገደለ፤ በጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ መሪዎቿን ያለ ፍርድ ለዓመታት አሰረ። ያኔ «መጤ ሃይማኖት» ተባልን። «ወሃቢያ» የሚለው ስም በመንግሥት አፍ ሲነገር ያው «መጤ» የሚለው ክስ አብሮት ነበር፤ ጆሯችን ግን አላወቀውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ብለው ሰልፍ ሲወጡ የጠየቁት ለእኛም የሚተርፍ ነበር። (በታሪክ ትምህርታችን ይህን ሰልፍ ሳናነሣ ማለፋችን ከምን እንደ ሆነ አልገባኝም።)

በወሎ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይረዝማል። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ካደረጉት ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው በአመፅ ተነሡ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም የሆነ ብዙ ነበር ይባላል። መንግሥት የሚያጸድቀው እምነት ምን ዓይነት አማኝ እንደሚያፈራ ለማወቅ የከሚሴ ሽማግሌ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ለሰባኪዎቻችን በዚህ ላይ የማቀርበው የሐዋርያት ሥራ 24ን ነው። ጠርጠሉስ ጳውሎስን ሲከስ መጀመሪያ ገዥውን ስለ ሰላሙ ያመሰግናል፤ ከዚያ ተከሳሹን ሁከት ቀስቃሽ፣ የመናፍቃን ወገን መሪ ይለዋል። ማስረጃ አላቀረበም፤ ስም ብቻ ሰጠ። ክፍሉን በስብከት ስንይዝ ሁልጊዜ ራሳችንን በጳውሎስ ቦታ እናስቀምጣለን። በ2005 ዓ.ም. የቆምነው ግን ከጠርጠሉስ ጋር ተስማምተው ነገሩ እንደዚያ ነው ካሉት ሰዎች ጋር ነበር (ቁ. 9)።

በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱም የእኛው የወንጌል አማኞች ካውንስልም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ እኔም ደስ ብሎኛል። አዋጅ የሰጠውን ግን አዋጅ ይነሣል፤ ያ ቀን ቢመጣ ስለ እኛ በቴሌቪዥን የሚባለውን የከሚሴው ባለ ሱቅ እንዳያምን የምንጠይቀው በምን አፋችን ነው? ወንጌላዊው ለእኚህ አባት ምን ብሎ ይመልስ በሚለው ላይ ክፍሉ አልተስማማም። አንዳንዶቹ ያለፈውን መቀስቀስ ነው አሉ። እርሱ ግን በሚቀጥለው ሲሄድ «አዎ፣ አምነነው ነበር» ብሎ ሊነግራቸው ወስኗል።