የሌላ ሰው እጅ በኩዊልቴ ውስጥ

በሜሪላንድ በምካፈልበት የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር በየዓመቱ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በብሎክ ልውውጥ መግባት የፈለገ ስሙን ይጽፋል፤ ያልፈለገ ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ስማቸውን የሚጽፉትና የሚያሳልፉት በችሎታ አይለያዩም። ከሁላችን የላቀችው ሰፊ ወረቀቱን ሳታየው ታሳልፈዋለች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው፣ በሙያ የምትስተካከላት፣ ገና ሳይደርሳት እስክሪብቶ ታወጣለች። ጀማሪዎቹም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላሉ። ደጎቹ ይገባሉ፣ ስስታሞቹ ይቀራሉ የሚለውንም አልቀበልም። ሌሊቱን ሰፍታ ያደረችበትን ብርድ ልብስ ለታመሙ ሕፃናት በነጻ የምትሰጥ ሴት፣ ብሎክ ለመለዋወጥ ግን ፈጽሞ እምቢ ስትል አውቃለሁ።

ኩዊልት ሰፍቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ልንገር። ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው፦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋው ፊት፣ በመሃል የሚነጠፈው ስስ ጥጥ፣ ከሥር ደግሞ ገበሩ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከፊት እስከ ገበር ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ነው። ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩል ካሬዎች ይገጣጠማል፤ አንዱ ካሬ ብሎክ ይባላል። ለልውውጥ ለምሳሌ አሥራ ሁለት ሴቶች ይስማማሉ። እያንዳንዷ የተስማሙበትን ብሎክ አሥራ ሁለት አድርጋ ትሰፋለች፤ አንዱን ለራሷ አስቀርታ ሌሎቹን ታከፋፍላለች። በመጨረሻ እያንዳንዷ በአሥራ ሁለት እጅ የተሰፉ አሥራ ሁለት ብሎኮች ይደርሷታል፤ ገጣጥማ ኩዊልት ታወጣለች።

የእምቢታው የመጀመሪያ ምክንያት ሩብ ኢንች ነው። በኩዊልት ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ይኸው ነው፣ ከ6 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የልብስ ሰፊ ጠርዙን ሰፋ አድርጎ ይተዋል፤ ቢጠብ ይለቀዋል፣ ቢሰፋ ያጠበዋል። እዚህ ግን የሚለቀቅ ነገር የለም። ቀላሉን፣ ዘጠኝ ካሬ ያለውን ብሎክ እንውሰድ። እያንዳንዱ ካሬ 4 ተኩል ኢንች ሆኖ ይቆረጣል፤ ሦስት በሦስት ሲጋጠም ብሎኩ 12 ተኩል ይመጣል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሰፋ 12 ይቀራል። አሁን የአንዷ ስፌት በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ወደ ውስጥ ገባ እንበል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ። በአንድ መጋጠሚያ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ አንድ ስምንተኛ ይጠፋል። በረድፉ ሁለት መጋጠሚያ አለና ብሎኩ ሩብ ኢንች ያንሳል። በአንድ ረድፍ ስምንት ቁራጭ ያለው ብሎክ ሲሆን መጋጠሚያው ሰባት ነው፤ ያችው ሚሊ ሜትር ተኩል ሰባት ስምንተኛ ኢንች ታሳጣለች።

ይቺ ሴት ለራሷ ስትሰፋ ይህን ማንም አያውቅባትም፤ እሷም አታውቀውም። ሁሉም ብሎኮቿ እኩል ስለሚያንሱ እርስ በርስ ልክክ ብለው ይገጥማሉ፤ ኩዊልቷ ከታሰበው ትንሽ ያንሳል እንጂ አይጣመምም። እያንዳንዳችን የየራሳችን ሩብ ኢንች አለን። የሚለየው መርፌው የሚያልፍበት መስመር ብቻ አይደለም። ክሩ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ተተኩሶ የታጠፈው ጨርቅም እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ የለመዱ ሰፊዎች አንድ ሁለት ክር አሳንሰው ይሰፋሉ። ካውያ ላይ ደግሞ አንዷ ጫን አድርጋ ታነሳለች፣ ሌላዋ እየገፋች ትሄዳለች፤ የገፋችው በሰያፍ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳታውቀው ትጎትተዋለች። ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ክብ ምላጭ ያለውን መቁረጫ ካወጣ ወዲህ መቁረጡ ቀልሏል፣ ልኩም ጠርቷል። የስፌቱ ልክ ግን አሁንም ያው የእያንዳንዷ እጅ ልክ ነው። ልውውጥ ይህን ለራስ ብቻ የነበረ ልክ አደባባይ ያወጣዋል። ወረቀቱን ከሚያሳልፉት ብዙዎቹ የሚፈሩት የሌላውን ብሎክ መጥፎነት ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን በቀረብኳቸው መጠን ያየሁት የራሳቸው ብሎክ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በሌላ ሰው ማስመሪያ ሲለካ እየታያቸው የሚጨነቁ መሆናቸውን ነው።

ስለ ጨርቁ ሰው በግልጽ አይናገርም፤ ግን ከልኩ ይልቅ የሚያስቀይመው እሱ ነው። ጥሩ የኩዊልት ጥጥ በያርድ ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል። ካስቀመጥሽው ጨርቅ ምርጡን ቆርጠሽ ሰጥተሽ፣ ብርሃን ሲይዙት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ሲመጣልሽ ልብ ይሰብራል። አንዷ ጨርቋን አስቀድማ ታጥባለች፣ ሌላዋ አታጥብም፤ ያልታጠበው በመጀመሪያው እጥበት ይሸበሸባል፣ ቀዩ ደግሞ ነጩ ላይ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። የሲጋራ ሽታ የያዘ ብሎክ አለ፣ የድመት ፀጉር ይዞ የሚመጣም አለ፤ አስም ላለባት ሴት ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። እነዚህ በልውውጡ ደንብ ውስጥ ሊጻፉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ሰው እንዳይከፋ ብላ ዝም ስትል ነው ቅሬታ የሚሆኑት።

ሌላም ዓይነት ልውውጥ አለ። በየወሩ አንድ ንድፍ ይነገራል፤ የፈለገች አንድ ብሎክ ሰፍታ ታመጣለች፣ ስሟ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ዕጣ የወጣላት የሁሉንም ብሎክ ጠቅልላ ትወስዳለች። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው እቁብ ይለዋል፣ እውነትም ይመስላል። ልዩነቱ በእቁብ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰፍታ አንድም ጊዜ የማይወጣላት አለች። ከጥቅም አንጻር ካየነው ከመደበኛው ልውውጥ የባሰ ነው። ሆኖም ልውውጡን እምቢ ያሉት ብዙዎቹ በዚህኛው በደስታ ይገባሉ። ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ ቆይቷል፤ አሁን ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል። በዕጣው የሰጠሽው ሄደ፤ የምትጠብቂው የለም። በልውውጡ ግን የሰጠሽውና የተቀበልሽው አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዓይን ደግሞ ሳያመዛዝን አያልፍም። ሴቶቹን የሚያሸሻቸው መስጠቱ አይደለም፣ ይህ ማመዛዘን ነው።

ታዲያ ማመዛዘኑን የሚያቀል ነገር የለም ወይ? አለ፤ የቀድሞዎቹ ሰፊዎች ያውቁት ነበር። እዚሁ አጠገባችን በባልቲሞር ከተማ በ1840ዎቹ አጋማሽና በ1850ዎቹ መጀመሪያ የተሰፉት የአልበም ኩዊልቶች ዛሬ በባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየምና በሌሎችም ስፍራዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ብሎክ ለብቻው ሥዕል ነው፦ የአበባ አክሊል፣ ፍሬ የሞላበት ቅርጫት፣ ንስር፣ መርከብ፤ ቅርጹ ከጨርቅ ተቆርጦ በነጭ ጨርቅ ላይ የተሰፋ። በብዙዎቹ ላይ የሰፊዋ ወይም የሰጪዋ ስም በቀለም ተጽፏል። ከዚያ በፊት የነበረው ብረት ያለበት ቀለም ጨርቁን ይበላው ነበር፤ በ1830ዎቹ ጨርቅ የማይጎዳ፣ በእጥበት የማይለቅ ቀለም ገበያ ላይ መውጣቱ የስም ኩዊልት እንዲስፋፋ ረድቷል። የሜቶዲስት ሰባኪዎች ከደብር ደብር ይዛወሩ ስለነበር ምእመናኑ ሲሸኟቸው እንዲህ ያለ ኩዊልት ይሰጧቸው ነበር። ወደ ምዕራብ ለሚሰደድ ቤተ ዘመድም ይሰፋ ነበር።

እነዚህን ኩዊልቶች ቀረብ ብሎ ላያቸው የእጅ ልዩነቱ አይደበቅም። የአንዱ ብሎክ ቅጠል ጫፉ መርፌ ያክላል፤ የጎረቤቱ ቅጠል ጫፉ ደነዝ ነው። ሁለቱ ግን አይጣሉም፤ ንድፉ ገና ከመጀመሪያው የተሠራው ልዩነትን እንዲሸከም ነው። ስም የተጻፈበት ብሎክ ከጎረቤቱ ጋር አንድ እንዲመስል አይጠበቅበትም፤ ያቺን ሴት እንዲመስል ነው የሚፈለገው።

ከእነሱ በኋላ በመጣው ትልቁ የጋራ ኩዊልት ላይም ይኸው አለ። በሳን ፍራንሲስኮ ክሊቭ ጆንስና ጓደኞቹ በ1987 የጀመሩት የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዋሽንግተን በናሽናል ሞል ሲዘረጋ 1,920 የስም ቁራጭ ነበረው፤ ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል። የአንዱ ልክ 3 ጫማ በ6 ጫማ ነው፣ የመቃብር ልክ። ስምንቱ ተጋጥመው 12 ጫማ በ12 ጫማ ይሆናሉ። ከጠርዙ በስተውስጥ ግን እናት ጂንስ ትስፋ፣ ወንድም ክራባት ይስፋ፣ ጓደኛ ፎቶ ይለጥፍ፣ የሚከለክለው የለም። መርፌ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ሰፍተውበታል፤ ኩዊልቱ ግን ይገጥማል።

የልውውጦቻችን ችግር ይህን መገልበጣችን ነው ባይ ነኝ። ውስጡን እናጠብቀዋለን፦ ንድፉ ይኸው፣ ቀለሙ ሰማያዊና ቢጫ፣ አበባው ትንንሽ። ጠርዙን ግን ለእያንዳንዷ ማሽን እንተወዋለን። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ሰው የሰፋው የሚመስል ኩዊልት እንዲሰጠን እንጠብቃለን። አንድ ሰው የሰፋው የሚመስል ኩዊልት የምትፈልግ ሴት ብቻዋን ብትሰፋው ትክክል ናት፤ ወረቀቱን ስታሳልፍ ልንወቅሳት አይገባም።

ብቻ መሥራትም ቢሆን ከሰው መሸሽ አይደለም። በአላባማ የጊስ ቤንድ ሴቶች ኩዊልቶች በ2002 በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ከታዩ በኋላ ዓለም አወቃቸው። ብዙዎቹ አርጅቶ ከተጣለ የሥራ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ የነጣ ጂንስ ሳይቀር፣ የተሠሩ ናቸው። እነዚያ ሴቶች ፊቱን በአብዛኛው ለየብቻቸው ይገጣጥሙ ነበር፤ ፊቱን ከጥጡና ከገበሩ ጋር ሲሰፉት ግን ይሰበሰቡ ነበር። ንድፉ የአንዷ፣ ድካሙ የጋራ። እንዲህ ያለ ፊት በልውውጥ አይገኝም፤ የሚቀጥለው ቁራጭ የሚመረጠው ያለፈው ከተሰፋ በኋላ ነውና።

እኔ ራሴ ከልውውጥ የምቀርባቸው ዓመታት አሉ፤ ምክንያቱ የአገር ቤት ጨርቅ ነው። ካረጀ ነጠላ ጥለቱን ቆርጬ ብሎክ ውስጥ ማስገባት እወዳለሁ። የሸማኔ ጨርቅ ግን ለዚህ ሥራ ያስቸግራል። ድሩና ማጉ ላላ ያለ ነው፤ ሩብ ኢንች ጠርዝ ላይ ይተረተራል። በካውያ የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ከጀርባው ካላደረግሁበት ቅርጹን አይዝም፣ ሲታጠብም ከፋብሪካው ጥጥ እኩል አይኮማተርም። የማታውቀው ሴት ብሎኬን ተቀብላ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትታ፣ ሲኮማተርባት ይታየኛል። ስለዚህ "የኩዊልት ጥጥ ብቻ" የሚለውን ደንብ አልቃወመውም፤ ጥለቱን ለራሴ ኩዊልት አስቀምጠዋለሁ።

ከማኅበራችን አባላት መካከል አዲስ አበባ በልብስ ስፌት ኖረው፣ እዚህ ከልጆቻቸው ጋር የተቀመጡ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ወረቀቱ ሲደርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ ያሳልፉታል። አንድ ቀን ለምን እንደማይገቡ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ እኔ ሰው አስቀምጬ፣ ለክቼ ነው የኖርኩት" አሉኝ። "ለማን እንደምሰፋ ካላወቅሁ እጄ አይታዘዘኝም።"

ለዚህ መልስ የለኝም፤ መልስ የሚያስፈልገውም አይመስለኝም። ለሚመጣው ልውውጥ ስላሰብኩት ግን እሳቸውን ነው መጀመሪያ ያማከርኩት። ውስጡን እያንዳንዷ የፈለገችውን ትስፋ፤ ዙሪያውን ግን ሁላችንም ከአንድ ጥቅል በተቆረጠ ነጭ ጨርቅ እንክበበው። ብሎኩ 13 ኢንች ሆኖ ይምጣና አንድ ሰው፣ በአንድ ማስመሪያ፣ ሁሉንም ወደ 12 ተኩል ያስተካክለው። የሁላችንም ሩብ ኢንች ነጩ ውስጥ ይቀራል። ስምም ይጻፍበት።

"ማስተካከሉን ለእኔ ስጪኝ" አሉ እትዬ። "ብሎክ ግን አልሰፋም።"

"ከ12 ተኩል በታች ሆኖ የመጣውንስ ምን ያደርጉታል፣ እትዬ?"

"እመልሰዋለሁ። ፈትታ ትስፋው።"

እኔ ነጩን ሰፋ አድርገን እንቀጥልበት፣ ሰው አናሳፍር እላለሁ። እሳቸው ደግሞ የተቀጠለው ከሌሎቹ አጠገብ ሲቀመጥ ያስታውቃል፣ ልጅቷን የሚያሳፍራት ያ ነው ይላሉ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ወረቀቱ የሚዞረው በሚቀጥለው ወር ነው።