ጥርኝ ውኃና ሚዛን፦ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከቶየን ሆኖ ማንበብ

ከኢትዮጵያ ክርስትና ትረካዎች ሁሉ የማይገባውን ሰው ስለሚምር አምላክ እንደ ስምዖን በላዔ ሰብእ ታሪክ ደፍሮ የተናገረ የለም። 78 ሰው የበላ ሰው፣ ለአንድ ቁስለኛ ለማኝ ስለ ማርያም ብሎ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ይማራል። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ ሳይነሣ የሚታለፍበት ዐውደ ምሕረት ጥቂት ነው። የዚህን ያህል ሙግት የሚያስነሣ ታሪክም ጥቂት ነው። ፕሮቴስታንቱ የክርስቶስን ደም በጥርኝ ውኃ መለወጥ ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ኦርቶዶክሳዊው የቃል ኪዳኑን ጽናት ይመሰክርበታል። ከኦርቶዶክሳውያኑ መካከልም ታሪኩ በተነሣ ቁጥር ውስጡ የሚሸማቀቅ አለ።

ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከኦስሎ ምሥራቃዊ ሰፈር፣ ከቶየን ሆኖ ያነበዋል። እዚህ ኢትዮጵያዊው ኦርቶዶክስና ኢትዮጵያዊው የመካነ ኢየሱስ ምእመን በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ከአንድ ሱቅ በርበሬና እንጀራ ይገዛሉ፤ ስለ ድኅነት ሲነሣ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የሚኖሩበት አገር ደግሞ ከ1537 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በሥራው ሳይሆን በጸጋ ብቻ ይጸድቃል የሚለውን የሉተር ትምህርት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ለዘመናት የኖረ ነው። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ነቃፊውም ተከላካዩም የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንደ ዋጋ ታሪክ ያነቡታል፤ ታሪኩ ግን ስለ ዋጋ አይናገርም።

ቀረብ ብለን እንየው። ስምዖን የቅምር ሰው ነው፤ ባለጸጋ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ እንደ አብርሃም ቤቱን ለመንገደኛ ከፍቶ የሚያበላ። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን አሳረደው። ሥጋውን ከቀመሰ ወዲህ ከሰው ሥጋ በቀር የሚጥመው ጠፋ። የገዛ ቤተሰቡን ጨርሶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ያገኘውንም ይበላ ጀመር። በመንገዱ ላይ ገላው በቁስል የተመታ ድኃ አገኘ። ቁስሉ አስጸየፈውና ሳይበላው ቀረ። ድኃው በውኃ ጥም ተቃጥሎ ነበርና ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ እንቢ አለ። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት ብሎ ለመነው፤ አሁንም እንቢ አለ። ስለ ማርያም ባለው ጊዜ ግን በልጅነቱ የሰማው ስም ነውና ልቡ ራራ፤ ጥቂት ውኃ አንቆረቆረለት። ውኃው የድኃውን የነቃ ጉሮሮ እንኳ አላራሰም።

ይህ የመጨረሻው ዝርዝር በስብከት ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለእኔ ግን የትረካው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ተራኪው ስለ መልካም ሥራ ዋጋ ሊያስተምር ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ስምዖን ድኃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ በወሰደው፣ ቁስሉን ባጠበለት፣ አብልቶ አጠጥቶ ባሳደረው ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ መጻፍ ለተአምረ ማርያም ደራስያን አይቸግርም። ተራኪው የመረጠው ግን በመጠጥነቱ እንኳ ያልበቃ መጠጥ ነው። ስጦታው ለተቀባዩ አልደረሰም፤ ጥሙ አልረካም። ለደግነት የሚቆጠር ነገር ካለ ወደ ባዶ የቀረበ ነው።

ቀጥሎ ሚዛኑ ይመጣል። ስምዖን ሞተ፤ መላእክተ ጽልመት ሊወስዱት መጡ፤ እመቤታችን ስለ እርሱ ለመነች። 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ተደረገ። የነፍሳቱ ወገን ደፋ፤ ውኃው ቀለለ። ያን ጊዜ የእመቤታችን ጥላ በውኃው ላይ ዐረፈና ሚዛኑ ተገለበጠ። ክብደቱ ከጥላው እንጂ ከውኃው አልመጣም። ውኃው ብቻውን ተመዝኖ መውደቁን ትረካው ራሱ በግልጽ ያሳየናል፤ ማንም አንባቢ በስምዖን ሥራ እንዳይመካ በሩን የዘጋው ታሪኩ ራሱ ነው።

ሉተራውያን ጽድቅ የምንለው የሌላ ነው፣ ለኃጢአተኛው እንደ ራሱ ሆኖ ይቆጠርለታል ይላሉ። የበላዔ ሰብእ ታሪክም የሚለው የዚሁን ያህል ነው፦ በሰውዬው ሚዛን ላይ የተቆጠረው ክብደት የራሱ አልነበረም። ስለዚህ ቶየን ላይ በቡና ሰዓት የሚነሣው ክርክር ቦታውን ስቷል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ በጸጋና በሥራ መካከል አይደለም። ልዩነቱ በሚዛኑ ላይ የሚያርፈው ጥላ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ኦርቶዶክሳዊው እናትየው ከልጇ በተቀበለችው ቃል ኪዳን ትቆማለች ይላል፤ ሉተራዊው ከልጁ በቀር ማንም አይቁም ይላል። ይህ ከባድ ልዩነት ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን አንዱ ወገን ምሕረትን በነጻ፣ ሌላው በክፍያ ያስተምራል ማለት ትረካውን ሳያነቡ መፍረድ ነው።

ደግሞም ሙግቱን ሚሲዮናውያን አላመጡትም። ተአምረ ማርያም በምዕራብ አውሮፓ ከተሰባሰቡ ታሪኮች ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በየጊዜውም የአገሩ ታሪክ ታከለበት። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህን ጉዞ በሰፊው ይከተላል። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን በሥርዐት እንዲነበብ ያደረጉት፣ 33ቱን የእመቤታችንን በዓላት የደነገጉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ከአብ ከወልድ ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው መከራ ተቀበሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ገድላቸውን በአማርኛ ባያቀርቡልን ኖሮ፣ ይህ ጥያቄ ከገዛ ገዳማችን መውጣቱን ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንኖር ነበር።

የኖርዌይ ወገን መንገድም ቀጥ ያለ አልነበረም። ተሐድሶው ከዴንማርክ ንጉሥ በትእዛዝ የመጣ ነው። ጸጋ በሕግ ታወጀ፤ ሕዝቡም በልደት ወረሰው። ያን የደረቀ ትምህርት በገበሬው ቤት ውስጥ እሳት ያደረገው ሃንስ ኒልሰን ሃውገ ያለ ካህን ፈቃድ በመስበኩ በ1804 እ.ኤ.አ. ታስሮ ለዓመታት ማቀቀ። በ1891 እ.ኤ.አ. ለቻይና ተብሎ የተመሠረተው የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከዚያ መነቃቃት የወጣ ነው። ቻይና ላይ በሩ ሲጠብበት በ1948 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዞረ፤ ይርጋለም ላይ ሥራ ጀመረ፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አቆመ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመካነ ኢየሱስ ስም ከታቀፉት ምእመናን ብዙዎቹ የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። ዛሬ የእነዚያ ምእመናን ልጆች ኦስሎ ላይ አምልኮ ይመራሉ። በአያቶቿ ሳንቲም ወንጌል ወደ ሲዳማ የላከች አገር ያንኑ ወንጌል በሲዳምኛና በአማርኛ ዜማ መልሳ ትሰማለች። ይህንን እንደ ታላቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደሚያሳምመው እንመለስ። 78ቱስ?

በጣና ዳር፣ በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የተመለከተ ሰው በላዔ ሰብእን አይረሳውም። በዚህ የሥዕል ልማድ ሠዓሊው አያድበሰብስም፤ የሰው እጅና እግር በገዳዩ አፍ አጠገብ ይታያል፤ የለማኙ ገላ በነጠብጣብ ቁስል ተሸፍኗል፤ ሚዛኑ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የተበሉት ግን መልክ የላቸውም። ከመካከላቸው የስምዖን ሚስት ትኖራለች፣ አገልጋዮቹ ይኖራሉ፣ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ ትኖራለች። በጽሑፉም ውስጥ አይናገሩም፤ ይቅር ማለታቸውን የጠየቃቸው የለም። የሚፈለጉት በክብደታቸው ብቻ ነው።

ይህ የታሪኩ እውነተኛ ድክመት ነው እላለሁ፤ የማርያም ምልጃ ድክመቱ አይደለም። ሉተራዊው ትምህርትም ከዚሁ ነቀፋ አያመልጥም። ገዳይ በእምነት ብቻ ጸደቀ ሲባል የሟች ወገን በዳኛው ፊት የት ቆሟል? ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1937 እ.ኤ.አ. ርካሽ ጸጋ ብሎ የወቀሰው ይህን ነበር፤ ንስሓ የሌለበት ይቅርታ፣ መከተል የሌለበት እምነት። የወቀሰውም የገዛ ሉተራን ቤተ ክርስቲያኑን ነው።

የሚገርመው፣ ታሪኩን የሚሰማው ሕዝብ የጎደለውን ከራሱ ባህል ያውቀዋል። በሰሜኑ አገራችን ደም የፈሰሰ እንደሆነ ገዳዩ ንስሓ ገባ ተብሎ ነገሩ አይዘጋም። ሽማግሌ ይላካል፣ የሟች ወገን ይለመናል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በፊታቸው ይወድቃል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ምሕረቱ ከእግዚአብሔር ቢመጣም ዕርቁ በሟች እናት ደጅ በኩል ሳያልፍ አይጸናም። ወንጌልም ዘኬዎስን ያስታውሰናል (ሉቃ. 19)። ጌታ ሳይጠራ ወደ ቤቱ ገባ፤ ቀራጩ ግን ከዚያ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ ጸጋው ቀደመ፣ ካሣው ተከተለ፤ ካሣው ግን አልቀረም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመሩት የመካነ ኢየሱስ ጽሕፈት ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም በላከው ደብዳቤ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለይታችሁ አትርዱ ብሎ የተሟገተው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ቄስ ጉዲና በ1979 እ.ኤ.አ. ተገደሉ፤ እርሳቸው ራሳቸው ከተበሉት ወገን ሆኑ።

ቶየን ላይ ሚዛን የሥዕል ነገር አይደለም። እዚህ የሚኖር ጥገኝነት ጠያቂ ቃሉ ተመዝኖበታል። የኖርዌይ የውጭ ዜጎች ሕግ አንቀጽ 38 ጥገኝነት ያልተገባው ሰው እንኳ ጠንካራ ሰብዓዊ ምክንያት ካለው ሊፈቀድለት እንደሚችል ይናገራል። ወዲያው ግን በሌላው ወገን የፍልሰት ቁጥጥር ፍላጎት እንዲቀመጥ ያደርጋል። የሕፃን ትምህርት ቤት፣ የእናት ሕመም፣ የቆይታ ዓመት በአንድ ጎን፤ የአገር ጥበቃ በሌላው ጎን። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ኖርዌይና ኢትዮጵያ ስለ ተመላሾች ስምምነት ሲፈራረሙ፣ ለዓመታት ሲሠሩ፣ ግብር ሲከፍሉና ልጅ ሲወልዱ የኖሩ ወገኖቻችን ሚዛኑ በእነርሱ ላይ ሲደፋ አዩ። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ አገር ለተባረረ ሰው መጠጊያ የሆኑበት ዘመን ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ከኮሶቮ የመጡ አልባኒያውያን በየደብሩ ተጠለሉ፤ ፖሊስም የቤተ መቅደሱን ደፍ ላለመርገጥ ተጠነቀቀ።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። መብት ጸጋ አይደለም። የቶየን ነዋሪ ከናቭ፣ ከኖርዌይ የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት፣ የሚቀበለው ድጎማ፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት የሚገባው ነው፤ ማንም እንደ ምጽዋት ሊያስቆጥርበት አይገባም። ሕጋዊ መብትን የእግዚአብሔር ችሮታ ነውና ዝም በል ብሎ የሚያስተምር ሰባኪ ድኃውን ይበድለዋል። ጸጋ የሚጀምረው መብት ካለቀበት ነው። የ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ ወረቀት ለሌለው አዋቂ ሰው የሚሰጠው ሕክምና በመሠረቱ አስቸኳይና ሊቆይ የማይችለውን ነው። ለዚህ ነው የኦስሎ ቀይ መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ከተማ ሚሲዮን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች የጤና ጣቢያ የከፈቱት። ሐኪሙ ስለ ፈቃድ አይጠይቅም። ስኳር ይለካል፣ የደም ግፊት ያያል፣ መድኃኒት ያዛል። የበላዔ ሰብእ ለማኝ ስለ ማን ብሎ እንደሚለምን ግራ ገብቶት ሦስት ጊዜ ስም ቀያይሯል፤ እዚህ ግን ስም መጥራት አያስፈልግም።

በአገራችን የቆሎ ተማሪ በየደጁ ስለ ማርያም ብሎ ቁራሽ ሲለምን ኖሯል፤ ሊቅ ሆኖ የወጣውም በዚያ ቁራሽ ነው። ሰጪዋ ባልቴት ማን እንደሚገባው አልመዘነችም። ይህን የለመደ ሕዝብ ኦስሎ ላይ በዓሉን በድምቀት ሲያከብር፣ ዝክሩን ሲቀምስ፣ የካቲት 16ን በበረዶ መካከል ነጠላ ለብሶ ሲወጣ ደስ ይላል። ቢሆንም በበዓሉ ላይ ሁለት ነገር እንዲጨመር እጠይቃለሁ። ሰባክያኑ፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስትተርኩ ውኃው የድኃውን ጉሮሮ አለማራሱን አትዝለሉ፤ 78ቱንም በስመ ነፍሳት ብቻ አትለፏቸው፤ ስለ ገዳዩ እንደለመናችሁ ስለ ተገዳዮቹም ጸሎት አድርሱ። የመካነ ኢየሱስ ወንድሞችና እህቶች፣ ታሪኩን ከመንቀፋችሁ በፊት እስከ ሚዛኑ ድረስ አንብቡት። የጤና ጣቢያው ደግሞ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኛ ሐኪምና ነርስ ነው። በኦስሎ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ፣ ከወር አንድ ምሽት ስጡት። አማርኛ ብቻ የሚናገር ሕመምተኛ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል።