«በአንጎል ቀኝ ክፍል መሣል»፤ መልመጃውና ማብራሪያው

«አንተ ለሥዕል አልተፈጠርክም» ተብሎ እርሳሱን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ፣ አሜሪካዊቷ የሥዕል መምህር ቤቲ ኤድዋርድስ በ1979 እ.ኤ.አ. ላሳተሙት ለዚህ መጽሐፍ ባለዕዳ ነው። እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ስለ ሆንኩ፣ ነቀፌታዬ ከምስጋና ጋር መሆኑ ይታወቅልኝ።

ከመልመጃዎቹ ሁሉ የታወቀው፣ ፒካሶ በ1920 እ.ኤ.አ. የሣለውን የስትራቪንስኪን ምስል ገልብጦ መቅዳት ነው። ተማሪው ምስሉን ገልብጦ ሲይዘው «ይህ እጅ ነው፤ ይህ ጕልበት ነው» ማለቱን ይተውና መሥመሩን ብቻ ይከተላል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ገልብጬ የሣልኩት እጅ፣ አቅንቼ ከሣልኩት ይልቅ እጅ መሰለ።

ማብራሪያው ግን አያረካም። ኤድዋርድስ የተደገፉት በሮጀር ስፔሪ ምርምር ላይ ነው። ስፔሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት የበቁት፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ጅማት የተቈረጠባቸውን ሕመምተኞች አጥንተው ነው። የተማሪው ጅማት ግን አልተቈረጠም፤ ሲሥልም ሁለቱም ክፍሎች አብረው ይሠራሉ። ደራሲዋ ራሳቸው በኋለኞቹ እትሞች ቃላቸውን አለዝበዋል፤ የመጽሐፉ ስም ግን እንዳለ ቀረ። ደግሞም ወረቀቱን ሳያዩ የነገሩን ዳር በዐይን እየተከተሉ መሣልን፣ ኒኮላይድስ በ1941 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው አስተምረዋል። መልመጃው ያለ ቀኝና ግራ ክርክር መኖር ይችል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመን ኮኸንና ቤኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ሰው የሚያየውን መሣል የሚያቅተው እጁ ስለማይታዘዘው ይሆን? ብለው ጠየቁ። ሥዕል ያልተማሩ ሰዎች ፎቶግራፍ ላይ ወረቀት አንጥፈው መሥመሩን ሲከተሉ እጃቸው ብዙም አልሳተም፤ ዋናው ስሕተት የሚመጣው ነገሩን አጣሞ ከማየት ነው አሉ። የቡና ስኒን እንውሰድ። አፉ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ክብ አድርገን እንሥለዋለን፤ ከተቀመጥንበት ሲታይ ግን ጠፍጠፍ ያለ እንቍላል ነው። ኮኸን በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ዐይኑን ከነገሩ ወደ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ የሚያመላልስ ሰው ይበልጥ አስተካክሎ እንደሚሥል አሳዩ።

እንግዲህ ወረቀትን ሳያዩ መሣል ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ዐይንን በነገሩ ላይ ያቆያል፣ ማመዛዘንን ግን አያስተምርም። እርሳስን በተዘረጋ ክንድ ይዞ የስኒውን ቁመት ከስፋቱ ጋር ለክቶ ወዲያው ወደ ወረቀቱ መመለስ የግድ ነው። መምህሩም በዚያው ሰዓት ከአጠገብ መገኘት አለበት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል ሰዓታችን፣ መምህሩ መጨረሻ ላይ ወረቀታችንን ሰብስቦ በቀይ ቀለም ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ስኒውን ስንት ጊዜ ቀና ብለን እንዳየነው ግን አንድ ቀን አልጠየቀንም።