ወተት፣ ጾምና መንታ፦ በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

መንታ የመጸነስን ዕድል አስመልክተው ከቀረቡት የሕክምና ጥናቶች መካከል የሙያውን ክልል አልፈው በሕዝብ ዘንድ ከተሠራጩት አንዱ፣ አሜሪካዊው የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ጋሪ ስታይንማን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ጥናቱ ከእንስሳት የሚገኝ ማናቸውንም ምግብ የማይቀምሱ እናቶች መንታ የሚወልዱበት መጠን፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ከሚመገቡት እናቶች መጠን አንድ አምስተኛ ብቻ መሆኑን ያመለክታል። ለዚህም የተሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነው፦ ወተት በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን መሰል የእድገት ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ንጥረ ነገር ኦቫሪ ለፎሊክል አነቃቂ ሆርሞን (ኤፍ ኤስ ኤች) የሚሰጠውን ምላሽ ያጠናክራል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ የወር ዑደት ከአንድ በላይ እንቁላል ሊለቀቅ ይችላል። ላሞች የእድገት ሆርሞን በሚወጉበት አገር ደግሞ ውጤቱ እንደሚበረታ ደራሲው ገምተዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ ከዚያም በየረቡዑና በየዓርቡ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል የማይቀምሱ በርካታ እናቶች በየጤና ተቋሙ ይታያሉ። «መንታ እንዲሰጠኝ ምን ልብላ?» የሚለውም ጥያቄ በምርመራ ክፍል እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ጥናቱን በስሚ ስሚ ከመቀበል ወይም ከመናቅ ይልቅ መመርመሩ ይገባል።

በቅድሚያ ለደራሲው ሊሰጥ የሚገባው ምስጋና አለ። መላ ምቱ ከሥነ ፍጥረት አሠራር የራቀ አይደለም። የተጠቀሰው የእድገት ንጥረ ነገር በኦቫሪ ሥራ ላይ ድርሻ እንዳለው የታወቀ ሲሆን፣ መንታ እንዲወልዱ ተመርጠው በተዳቀሉ ላሞች ደም ውስጥም መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ችግሩ ያለው ከቁጥሩ ላይ ነው።

ከአንድ እንቁላል የሚገኙ መንትዮች በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ከ1000 ወሊዶች ወደ 4 የሚጠጉ ናቸው፤ ዘርም ሆነ የእናት ዕድሜ ይህን መጠን እምብዛም አይለውጠውም። ከላይ የተገለጸው ማብራሪያ ደግሞ የሚመለከተው ሁለት እንቁላል ሲለቀቅ የሚጸነሱትን ብቻ ነው። የመካንነት መድኃኒት ገና ባልተስፋፋበት እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ከ1000 ሕፃናት 18.9ኙ መንትዮች ነበሩ፤ ይህም በወሊድ ሲቆጠር ከ1000 ወደ 10 ይጠጋል። ወተት የማይቀምሱት እናቶች ከሁለት እንቁላል የሚገኝ መንታ ከቶ አይወልዱም ብንል እንኳ 4ቱ ባሉበት ይቀራሉ፤ ከ10 ውስጥ 4 ደግሞ ሁለት አምስተኛ እንጂ አንድ አምስተኛ አይደለም። አንድ አምስተኛ ላይ ለመድረስ የንጽጽሩ ቡድን መጠን ከ1000 ወደ 20 ከፍ ማለት አለበት። ወደዚያ የሚያደርስ ነገር ካለ፣ ከወተቱ በፊት የእናቶቹ ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደትና የወሰዱት መድኃኒት ሊጠየቅ ይገባል። አለበለዚያም ወተት በማይቀምሱት ዘንድ የተቆጠሩት መንትዮች ጥቂት ከመሆናቸው የተነሣ አጋጣሚ አሳንሷቸው ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ሳይኖር ሒሳቡ አይገጥምም።

የላሞቹ መርፌ ነገርም ከዚህ አይሻልም። የእድገት ሆርሞኑ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የመንትዮች ቁጥር ግን ከዚያ አስቀድሞ መጨመር ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ1000 ሕፃናት 33.3 ሲደርስ፣ ከጭማሪው አንድ ሦስተኛ ያህሉ እናቶች በገፋ ዕድሜ መውለዳቸው ያመጣው ሲሆን፣ ቀሪው በአመዛኙ ከመካንነት ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። ሆርሞኑ ባልተፈቀደበት በአውሮፓም መንታ በዝቷል።

ይልቅስ ኤፍ ኤስ ኤች የሚለውን ፍንጭ ተከትሎ የተሄደው መንገድ የበለጠ ፍሬ ሰጥቷል። በናይጄሪያ የኢባዳኑ ሐኪም ናይላንደር በኢግቦ ኦራ አካባቢ ከ1000 ወሊዶች ወደ 45 የሚጠጋ የመንታ መጠን መዝግበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ሥራም መንታ በወለዱ እናቶች ደም ውስጥ ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይተዋል። (በአካባቢው ምክንያቱ ያም ነው ይባላል፤ ይኸውም በወላይታ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር ነው። ያምን አዘውትሮ የሚበላ ሕዝብ ሁሉ ግን ይህን ያህል መንታ አይወልድም።) እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከዚሁ ሆርሞን ጋር የተያያዘ ዘረመል መንታ ከመውለድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታውቋል። ዕድሜ ወደ 40 ሲጠጋ ዕድሉ የሚጨምረውም ሆርሞኑ ስለሚጨምር ነው። የባል ወገን መንታ መኖሩ የሚስቲቱን እንቁላል አይነካም፤ ለሴት ልጁ ግን ሊያወርሳት ይችላል።

ለጠያቂዋ የምንሰጠው መልስ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ወተት ጠጪ ብሎ ማሰናበት ጉዳት የለውም እንል ይሆናል፤ ነገር ግን መንታ መመኘትን እንደ ቀላል ነገር ካስቆጠርነው፣ ወተቱ ሳይሠራላት ስትቀር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክሎሚፊን ፍለጋ ወደ መድኃኒት መደብር የምትሄድ ትኖራለች። በክሎሚፊን ከሚገኙ 100 እርግዝናዎች ከ5 እስከ 10 ያህሉ መንታ ናቸው። ሞንደንና ስሚትስ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳተሙት፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 በነበረው ጊዜ 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ከ1000 መንትዮች 213 ሲሆኑ፣ በነጠላ ከተወለዱት ግን 64 ያህል ነበሩ። ያለ ጊዜ መወለድ፣ የደም ግፊትና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ በመንታ እርግዝና እንደሚበዙ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። ይህ ሁሉ ለጠያቂዋ ግን ያልተነገረ ነው።

የስታይንማንን መላ ምት ለመፈተን ከአገራችን የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። እዚህ ያው አንዲት እናት በዓመት ውስጥ ለሳምንታት ወተት ትተዋለች፤ ከዚያም ትመለስበታለች። የእርግዝና ዕድሜ በአልትራሳውንድ ከተረጋገጠባቸው የወሊድ መዝገቦች በጾም ወራትና በፍስክ የተጸነሱትን ለይቶ፣ መንትዮቹን በጾታ ማነጻጸር ይቻላል። የተለያየ ጾታ ያላቸው መንትዮች ከሁለት እንቁላል የመጡ ናቸውና ምርመራ ሳያስፈልግ ይታወቃሉ። መንታ ብርቅ በመሆኑ የአንድ ሆስፒታል መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ጾሙን በትክክል ያልጾሙትን ለመለየትም እናቶቹን መጠየቅ ይጠይቃል።