ዘራፊና ተቀባይ

ትረካ ልትለማመድ ከእኔ ዘንድ የምትመላለስ አንዲት የሐረር ጀጎል ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፊቷ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ በዛብህ ሲናገር የራሴን ድምፅ ትቼ የሱን ልያዝ ወይስ እንዳለሁ ልቀጥል? ደግሞስ ወንድ ለሆነ፣ ያውም ለቅኔ መምህር፣ ግዕዝ የማልሰማው እኔ ሴቲቱ ብናገርለት ማን ያምነኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የጀማሪ ይምሰል እንጂ በማይክሮፎን ፊት የሸመገልነው እንኳ እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት ስለ ሆነ፣ በቃል ከመመለስ ይልቅ በጽሑፍ ላሰፋው ወደድሁ። ስለ ምራቅ አዋዋጥ፣ ስለ ገጽ አገላለጥ፣ ስለ ማይክሮፎኑ ርቀት ለሙያው ሰዎች መንገር ጊዜ ማባከን ነውና አልፈዋለሁ።

የእኔ አቋም አንድ ነው፤ ስለ እሱም ብዙ ወዳጅ አጥቼበታለሁ። ተራኪ ባለቅኔውን አይሆንም፤ ከባለቅኔው ይቀበላል። በማኅሌት ቅኔ ሲቀርብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ትሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ዘራፊው ያን ሌሊት የፈጠረውን ሐረግ በሐረግ ሲያወርድ ከጎኑ የቆመው ተቀባይ ከአፉ እየነጠቀ ለጉባኤው ያሰማል። ሊቃውንቱ «ይበል!» የሚሉት ዘራፊውን ነው፤ ይሁን እንጂ ከጆሯቸው የደረሰው በተቀባዩ ጉሮሮ ተሻግሮ ነው። ተቀባዩም የዘራፊውን አነጋገር አይኮርጅም፤ ቢንተባተብ አይንተባተብም፤ አፍንጫውን ይዞ ቢናገርም አፍንጫውን አይዝም። የራሱን አንደበት ያውሰዋል፤ ቃሉን ግን በአንዲት ፊደል አያዛንፍም፤ ቢያዛንፍ ሰሙ ከወርቁ ይፋታልና።

ይህ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ብቻ መስሎት የሚገረም ሰው ካለ ወደ ሐረር ይምጣ። የኛ ቤት ከፈረስ መጋላው መድኃኔ ዓለም ብዙ የማይርቅ እንደ መሆኑ መጠን፣ በክረምት ሌሊት በአንዱ ጆሮዬ የአባቶችን ጸናጽል፣ በሌላው ደግሞ ከጀጎል ግንብ ውስጥ የሚመጣውን የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዝማሬ፣ ዚክሪን፣ እየሰማሁ አደግሁ። በዚክሪውም ቤት ከራቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይጋጫል፣ መሪው ግጥሙን ያነሣል፣ ጀመዓው ተቀብሎ ይመልሳል፤ ግጥሙ አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በሐረሪ ቋንቋ ነው፤ ከሚመልሱትም መካከል የዐረብኛውን ትርጓሜ በሙላት የማያውቅ ብዙ አለ፣ እንደዚሁም በመድኃኔ ዓለም ቅኔውን እያደነቁ ከሚወዛወዙት መካከል ግዕዙን ያልፈታው ብዙ ነበረ። ወደ ጠጅ ቤት ብንወርድ እንኳ ግጥሙን ፈጥሮ «ተቀበል!» የሚለው ጠጪው ነው፤ አዝማሪው በማሲንቆው ላይ አስቀምጦ መልሶ ያሰማዋል። በሃይማኖትም በጠባይም የማይገናኙ ሦስት ቤቶች፣ ግጥም ከአንድ አፍ ወጥቶ በሌላ አፍ ካላለፈ ሙሉ እንደማይሆን በአንድነት ይመሰክራሉ። ታዲያ የልብ ወለድ ተራኪ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ተዋናይ ልሁን የሚለው በማን ትምህርት ነው?

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ስልት የሚከተል አንድ የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ቡና አብረን እንጠጣለንና። እሱ በመጽሐፉ ውስጥ ግጥም በመጣ ቁጥር ከበስተ ኋላ በገና ያስገባል፣ ማሚቶ ይጨምራል፣ ድምፁን ያጎረንናል፤ ግጥሙም ከጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ ባልዲ እየተንጓጓ ይወጣል። ስከራከረው ሁልጊዜ የሚያመጣብኝ ምስክር ወጋየሁ ንጋቱን ነው። «ወጋየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹ከመጻሕፍት ዓለም› ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻን አልሆነም ወይ? ጉዱ ካሳን አልሆነም ወይ?» ይለኛል። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ስለ ነበረ ለእያንዳንዱ ሰው የድምፅ ቀለም መስጠቱን አልክድም። ነገር ግን ደጋግሞ ያዳመጠው ሰው፣ ፊታውራሪ ሲቆጡ እንኳ ከቁጣው በስተጀርባ አንድ ረጋ ያለ ተራኪ ተቀምጦ ቁጣውን ራሱ እየሰማ እንደሚያሳልፈው ያስተውላል። ብዙዎች የቀዱት ቀለሙን ነው፤ የተቀመጠውን ሰው ግን አልቀዱም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው የአገሬ ሰው ሁሉ በሬዲዮ አነበበው ስንል፣ በእኔ እምነት ይህን ያደረገው ትወናው ሳይሆን ያ አሳላፊነት ነው።

ክርክራችን በቡና ስላላለቀ ወደ መኪና ግርግር ወሰድሁት። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ይህ ጎዳና ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ እንደ ሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ የትረካ ዳኛ አላውቅም፣ ልብስ ሰፊ እጁና እግሩ ተይዞ ጆሮው ብቻ ነፃ የሆነ ሰው ነውና። ከወዳጄ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጠን በመጀመሪያ የኔን፣ ቀጥሎ የሱን ቅጂ አስደመጥነው። በኔ ጊዜ ሰውዬው እግሩን አላቆመም፤ ግጥሙ ሲደርስ ግን መርገጫውን ቀስ አደረገው። በባልደረባዬ ጊዜ በገናው እንደ ገባ ቀና ብሎ፣ «አቦ፣ ዘፈን ጀመረ እንዴ?» አለና ከጎረቤቱ ጋራ ስለ ጨርቅ ዋጋ ማውራት ያዘ። ባልደረባዬ ዳኛው ወዳጅህ ነው ብሎ ይግባኝ ጠይቋል፤ ይግባኙም እስካሁን አልታየም።

አሁን ወደ ልጅቱ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ፤ እሱ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳልና። ማን ያምነኛል ማለቷ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የማንነት ጥያቄ ነው። ሴት መሆኗን በሚመለከት መልሱ አጭር ነው፤ በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ እንግዲህ ቅኔ የሴት ጉሮሮ አይስማማውም የሚል ሰው ክርክሩን ከእሳቸው ተማሮች ጋራ ይጨርስ። የአነጋገር ዘዬዋን በሚመለከት ግን ብዙ የምለው አለኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ድምፄን ሊፈትኑ ሲያስነብቡኝ፣ «ድምፅህ መልካም ነው፣ የሐረር ዜማህን ግን ከአንደበትህ አውጥተህ ና» ብለውኛል። አላወጣሁም፤ አልተመለስሁምም። የቃሉን መጨረሻ ወደ ላይ አንሥተን የምንተወው እኛ የሐረር ሰዎች፣ በቤት አንድ፣ በገበያ ሌላ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ የምንሰማ ስለ ሆንን፣ አማርኛችን የሦስቱንም እስትንፋስ ይዞ ይወጣል። ዓሊ ቢራ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በዐረብኛም፣ በአማርኛም ሲዘፍን ይህን አንደበት ይዞ ነበር፤ በየቋንቋው ሌላ ሰው ሊሆን አልሞከረም፤ ስለዚህም በየቋንቋው ታመነ።

በሐረር ያደገው መንግሥቱ ለማ ያደረገውን ደግሞ ለዚህች ልጅ ደጋግሜ እነግራታለሁ። የግጥምና የተውኔት ሰው፣ የራሱ ድምፅ በአገሩ የታወቀ ደራሲ ሆኖ ሳለ፣ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ መቅረጫ እያስቀረጸ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ ሲያወጣ፣ የሽማግሌውን አነጋገር በራሱ ጽሕፈት ሊያሳምረው አልደፈረም። ነገሩ ሲመለስ፣ ሲደገም፣ ከመንገድ ወጥቶ ሲባዝን፣ ሁሉ እንዳለ ነው። ያን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው የት መተንፈስ እንዳለበት ሥርዓተ ነጥብ አያስፈልገውም፤ አለቃ ራሳቸው ተንፍሰውለታል። ባለቅኔ ለሌላ ባለቅኔ ተቀባይ ሲሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአማርኛ አላየሁም። ለትረካ ተማሪዎች ከማንኛውም ልብ ወለድ በፊት ይህን የማስነብበውም ስለዚህ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ወደ ከተማችን የሚመጡ ጎብኚዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ስለ መጣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስለ ራምቦ ነው። ሰውዬው ሐረር ሲገባ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ግጥም በየጉሮሮው በሚንቆረቆርባት ከተማ ዝም ያለውን አንዱን ለይተው መጥራታቸው ይገርመኛል፤ በስሙ የሚታየውም ቤት እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው።)

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምይዝበት ምክንያት ምናልባት ከሙያው ይልቅ ከአባቴ የመጣ ይሆናል። አባቴ በመድኃኔ ዓለም ሲያገለግል የኖረ ደብተራ ነበር፤ ተቀባይነቱ የተመሰከረለት፣ ዘራፊነት ግን ያልተሰጠው ሰው። በስሙ የምትጠራ አንዲት ጉባኤ ቃና እንኳ የለችም። ይህን እያነሡ በሽሙጥ የሚወጉት ነበሩ፤ እሱ ግን አይከፋውም። ዘራፊው ቆላ ወርዶ ቢሞት፣ ብራናው በዝናብ ቢበላሽ፣ የጠፋችውን ቅኔ ፍለጋ ከጭሮና ከሐረማያ ሳይቀር ወደኛ ቤት የሚመጡ መሪጌቶች ነበሩ። አባቴም ያቀርባቸዋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያሰማቸዋል። እኔ በጓዳው በር ቆሜ ስሰማ፣ ያ ድምፅ የአባቴ ድምፅ መሆኑንም፣ የአባቴ ብቻ አለመሆኑንም በአንድ ጊዜ አውቅ ነበር። በልብ ወለድ ውስጥ ባለቅኔ አፉን በከፈተ ቁጥር በእኔ ጉሮሮ የሚያልፈው ያ ስሜት ነው፤ ሌላ የሙያ ምስጢር የለኝም።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው፤ ቅኔውን ከማሰማቱ በፊት የዘራፊውን ስም፣ የተዘረፈበትን ደብርና በዓል ይጠራል፤ ካሰማም በኋላ መልሶ ይጠራል። እኔም በየትረካዬ መጀመሪያና መጨረሻ የደራሲውን ስም፣ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሌላ ሰው ግጥም ካለም የገጣሚውን ስም ሳልጠራ አልወርድም። የምሠራበት ጣቢያ ይህ የማስታወቂያ ጊዜ ይበላል ብሎ ደጋግሞ ጽፎልኛል፤ ልጅቱም ብትሆን አድማጭ ይሰለቻል ባይ ናት። ደብዳቤዎቹን በመሳቢያ አኑሬያለሁ፤ ስሞቹንም መጥራቴን አልተውሁም።