ጣት የሚያየው ቀለም

የተጋጨ ፓራፋንጎ በባትላሜራ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለብጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ተቀብቶ ሲወጣ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው አዲሱ ቀለም ላይ ነው። ከድሮው ጋር ገጠመ ወይ? የጎረበጠ ቦታ ቀረ ወይ? ባለመኪናው ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። እጁን ግን ማንም ያልነካው ኮፈን ላይ ቢያሳርፍ፣ ልሙጥ የነበረው ገጽ እንደ ድመት ምላስ ይሻክረዋል። መኪናው ነጭ ከሆነ ደግሞ የበሩ ጥቁር ጎማ ላይ፣ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ የፊት መብራቱ ላይ ነጫጭ ነቁጦች ተበትነው ያገኛል። ቀለሙ ከታሰበለት ቦታ አልፎ ሄዷል።

ይህን የባዘነ ቀለም ማንሳት በብዙ ጋራዥ ከእጥበት ጋር የሚቆጠር ሥራ ነው፤ ለብቻው ዋጋ አይወጣለትም። እኔ ግን ከቅቡ አሳንሼ አላየውም። ቀቢ የሚጨምር ሰው ነው፤ ከተበላሸበት ፈግፍጎ ደግሞ ይቀባል። የባዘነውን የሚያነሳው ግን የሚቀንስ ሰው ነው፤ አልፎ የቀነሰውን የሚመልስበት መንገድ የለውም።

ቀለም ከመርጫው አፍ የሚወጣው እጅግ ደቅቆ ነው። ላሜራው ላይ ያላረፈው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እየተንሳፈፈም ያቀጠነው ቲነር ይተናል። ሌላ ቦታ ሄዶ ሲወድቅ ግማሽ በግማሽ ደርቋል፤ ተንጣሎ ከታችኛው ቀለም ጋር ለመዋሐድ አቅም የለውም። ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሰርጽም። የባለሙያው ተስፋ ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ ያረፈ ነው። የመርጫ ክፍል ያላቸው ጋራዦች አየሩን እየሳቡ በማጣሪያ ያወጡታል። በየሰፈሩ ግን ቅብ የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጋዜጣና የወረቀት ፕላስተር የቻሉትን ይከልላሉ፣ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ አንዳንዴም አጠገቡ ተራ የሚጠብቅ የሌላ ሰው መኪና ላይ።

መዘግየት ሥራውን ያከብደዋል። የዛሬ የመኪና ቀለም ከማጠንከሪያ ጋር ተበጥብጦ የሚረጭ ስለሆነ፣ ሲነኩት ደረቅ ቢመስልም ለቀናት እየጠነከረ ይሄዳል። በማግሥቱ የተነካ ነቁጥና ወር የቆየ ነቁጥ እኩል አይለቁም።

ጎበዝ ባለሙያ መኪናውን ጥላ ውስጥ ያስገባል፤ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ ይታገሳል፤ አጥቦ አቧራውን ያወርዳል። ከዚያ ስስ ፌስታል እጁ ላይ አጥልቆ በጣቱ ጫፍ ኮፈኑን ይዳስሳል። ባዶ ጣት ገጹ ላይ ይያዛል፤ ፌስታል ያጠለቀ ጣት ግን ስለሚንሸራተት ዓይን ያለፈውን እያንዳንዱን ነቁጥ ለይቶ ያገኘዋል። እንዲህ ሲዳስሱ ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ አብዛኞቹ ኮፈኑን አያዩም። ማየቱን ለጣታቸው ትተውታል።

ቀድሞ የሚነሳው ክሌይ የሚሉት ነው፦ በእጅ የሚታሽ፣ ውስጡ በጣም የደቀቀ መፋቂያ ዱቄት ያለበት። ጃፓናዊው ታዳኦ ኮዳቴ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የሚደንቀው ነገሩ ሜዳውን ትቶ ጉብታውን ብቻ መላጩ ነው፤ ይህም የሚሆነው ገጹ በሳሙና ውሃ በደንብ ከራሰ ነው። ውሃው ካነሰ ክሌዩ ይጣበቃል፣ ይጭራል። ባለሙያው ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዘ፣ ሳይጫን፣ ወደፊትና ወደኋላ በቀጥታ ይነዳዋል፤ አያዞረውም። መጀመሪያ ክሽ ክሽ የሚል ድምፅ አለ። ነቁጡ ሲያልቅ ድምፁም ያልቃል፣ እጁም ይቀልለዋል። አሁን ክሌዩን ገልብጦ ያያል፤ ቀለሙ ተለጥፎበታል፤ አጥፎ አሽቶ ንጹሑን ፊት ያወጣል። መሬት ከወደቀ ይጥለዋል። ውድ ዕቃ ነው፤ ቢሆንም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ከተነሳ ኮፈኑን ሙሉ ይቧጥጣል። ሳያመነታ የሚጥል ሰው ሳይ መኪናዬን ሰጥቼው ለመሄድ አልፈራም።

መስታወት ላይ አዲስ ምላጭ፣ ብዙ ውሃና ወደ መተኛት ያዘነበለ እጅ ይበቃል። የፊት መብራቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የዛሬዎቹ ሽፋናቸው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ቲነር ሲነካው ይደበዝዛል፣ በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞላል። እዚያ ላይ ቲነር የነካው ጨርቅ የሚያሳርፍ ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። አዲስ የተቀባው ፓራፋንጎ ላይም እንዲሁ፤ ገና ያልጠነከረ ቀለም በቲነር ይለሰልሳል።

ክሌይ ያቃተው ነቁጥ ሲገኝ ነው ወደ ፖሊሽ፣ ሲብስም ወደ 2000 እና 3000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት የሚኬደው። እዚህ ላይ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የፋብሪካ ቀለም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ናት። ከዚህ ውስጥ ክሊር የሚሉት ላይኛው ቀለም አልባ ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ላሜራው በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ ይሳሳል፤ የፖሊሽ ማሽኑ ጫና ደግሞ የሚሰበሰበው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት የወረቀት ፕላስተር አንስቶ ጠርዞቹን አንድ በአንድ ይሸፍናል፤ በኋላም እነሱን በእጁ ብቻ ያነካካቸዋል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ የሚዘለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መኪና ስትረከቡ አዲሱን ቀለም ቆይታችሁ እዩት። መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ የጎማውን ከንፈር፣ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ የበር መያዣውን ጓዳ እዩ፤ ከዚያ ፌስታል አጥልቃችሁ ጣሪያውን ዳስሱ። እዚያ ድረስ የሄደ እጅ ካገኛችሁ፣ ሒሳቡ ላይ ባይጻፍም ለዚያ ሰው ለብቻው ክፈሉት።