ወንበሩ ላይ ማን ነበር?

ሐያሲው ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ በ«ቺካጎ ሰን-ታይምስ» ጋዜጣ ስለ ጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ሲጽፍ፣ ዓይኑ ያረፈው ከሸራው ይልቅ አዳራሹ ላይ ነበር። የቀን ትርኢት በመሆኑ ወንበሩን የያዙት በአብዛኛው ልጆች ናቸው። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው በደስታ ይጮኻሉ፤ ታሪኩ እየከፋ ሲሄድ ጸጥ ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ድርቅ ብላ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ የሚለየው የአሜሪካ ደንብ የጀመረው በኖቬምበር 1968፣ ፊልሙ በወጣ በወሩ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ የዕድሜ ገደብ ሳይኖረው ይታይ ስለነበር ልጆቹን በር ላይ የሚመልስ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ የማነበው ስለ ፊልሙ የተጻፉ ብዙ ትንታኔዎች የዘለሉትን ስለሚነግረኝ ነው። ትንታኔዎቹ መጨረሻው ላይ ያተኩራሉ። ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ጥቁሩ ቤን ሙታን ተነሥተው ሰው የሚበሉበትን ያን ሌሊት በሕይወት ያልፋል፤ ሲነጋ ግን ከሙታኑ እንደ አንዱ ተቆጥሮ በታጠቁ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ነው። ሮሜሮ ግን ጆንስን የመረጠው ለቦታው ከቀረቡት ሁሉ የተሻለ ተዋናይ ስለነበረ እንደሆነ ተናግሯል። ታዲያ ያ ሁሉ ትርጉም ከየት መጣ? ከወንበሩ ነው እላለሁ። የኪንግን መርዶ ይዞ የገባ ጎልማሳ መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሞት አየ። ልጅቷ ያየችው ሌላ ነው፤ እስከዚያ ቀን ባየቻቸው የጭራቅ ፊልሞች ጀግናው ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ፊልሙ ወደ ሌሊት ተሻገረ። የኒው ዮርኩ ኤልጂን ሲኒማ ኃላፊ ቤን ባረንሆልትስ በዲሴምበር 1970 የዳይሬክተር ሆዶሮቭስኪን «ኤል ቶፖ» በእኩለ ሌሊት ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት አዳራሹ ለወራት ሞላ። የሮሜሮም ሥራ በዚህ ልማድ ውስጥ ቤት አገኘ። ለዚህ ከውበቱ ሌላ አንድ ደረቅ ምክንያት አለ፦ አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲለውጥ የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ወደቀ፤ በጊዜው ሕግ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ቅጂው ያለው ሁሉ ለሠሪዎቹ ሳይከፍል ያሳየው ጀመር። ሮሜሮና ጓደኞቹ ተጎዱ፤ ፊልሙ ግን ያልደረሰበት አልነበረም።

የሌሊቱ ተመልካች መጨረሻውን ያውቃል። በ1976 «ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» በዌቨርሊ ሲኒማ የእኩለ ሌሊት ትርኢት ሲሆን ደግሞ ተመልካቹ ለተዋንያኑ መልስ መስጠት፣ እንደነሱም መልበስ አመጣ። ይህን መሰባሰብ እወደዋለሁ። የጭራቅ ተረት እሳት ዳር ተጠጋግተን እንደሰማነው፣ ፍርሃትም ትከሻ ለትከሻ ሲሆን ይቀላል። ግን ሲቀል የሚጠፋ ነገር አለ፦ መጨረሻውን ሳታውቅ የገባችው የዚያች ልጅ ድንጋጤ።

በሮሜሮ ፊልም ማብቂያ እንቅስቃሴው ይቆማል፤ የቤን ሬሳ የጋዜጣ ፎቶ በሚመስሉ ሻካራ ምስሎች በመንጠቆ ተይዞ ወደ ማገዶው ይወሰዳል። ፊልሙን ከሰው ጋር ሳይ፣ እዚያ ስደርስ ከሸራው ዞር ብዬ የጎረቤቶቼን ፊት እመለከታለሁ።